ዳቦውና ከሰሉ

አክስቴ የኬሚስትሪ መምህርት ናት። ትምህርት ቤቷ ቤተ ሙከራ ስለሌለው የሙከራ ዕቃውን ከወጥ ቤቷ ተሸክማ ትሄዳለች። ትናንት ርእሰ መምህሩ «ክፍሉን ጓዳ አደረግሽው» ብሎ ሰው ፊት ዘለፋት። እኔ ስሰማ ደሜ ፈላ፤ እሷ ግን ምንም አልመሰላትም።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ባሏ ቁርስ ላይ ተነጫነጨ። የተከተፈ ሽንኩርት ሳይከድን ፍሪጅ ውስጥ ያሳደረው ራሱ ነው። አክስቴ ሽታውን እንዲይዝላት እዚያው ከሰል አስቀምጣ ነበር፤ ፍሪጁ ባይሸትም አብሮ ያደረው ዳቦ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል።

«ከሰሉም ዳቦውም ሽታ ወሰዱ። ታዲያ ምን ለያቸው?» አላት።

ሌላ ሰው ቢሆን ዳቦውን ይወረውርበት ነበር። አክስቴ ግን ጥያቄ ከሰማች ቁጣዋ ደጅ ይቀራል። ዳቦውን ለሁለት ከፍላ መሀሉን አፍንጫው ስር አስጠጋችለት።

«ይኸው፣ እስከ ልቡ ገብቷል። መጠጠው ማለት ነው፤ ይሄ አብሶርፕሽን ይባላል።» ቀጥላ ከሰሉን አነሳች። «ይሄኛው ደግሞ አድሶርፕሽን። የከሰል ውስጡ ሁሉ ጥቃቅን ቀዳዳ ነው፤ ሽታው የቀዳዳዎቹ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል እንጂ ከአካሉ ጋር አይዋሃድም። ሲያሞቁት ይለቃል።»

«የርእሰ መምህሩስ ስድብ?» አልኳት።

«ላዬ ላይ ተለጥፎ ነበር። ትኩስ ሻይ ስጠጣ ለቀቀኝ።»

ባሏ ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ «የኔ ንዝንዝስ?» አለ።

ሽንኩርት ሽንኩርት ከሚለው ዳቦ ቆርሳ ጎረሰች።

«አንተማ ገብተሃል» አለችው። «አሁን በምን አወጣሃለሁ?»