ጠብቆ የተነበበ ኮት

አስናቀው ንባብ የለመደው በመቀስ ነው። ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለችው ጠባብ ሱቁ፣ የኮት ልክ የሚያወጣው በአሮጌ ጋዜጣ ላይ ነበርና መቀሱን ከማሳረፉ በፊት የተጻፈውን ያነባል። ፊደል ያስቆጠሩት አንድ ቄስ ናቸው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ትምህርቱ ሁሉ ከጋዜጣ የተለቀመ ነው። አንዳንዱ ወሬ በእጅጌ ልክ ስለሚቆረጥ መጨረሻውን ሳያውቀው ቀርቷል። ላገኘው ግማሽም ቢሆን ፈጣሪውን ያመሰግናል።

በ፲፱፻፶፪ ዓ.ም. የልብስ ሰፊዎች ማኅበር «መርፌና ክር» የምትባል ወርኃዊ መጽሔት ሲጀምር፣ ስለ ገበር አገባብ አንድ ገጽ ጽፎ ላከ። ታተመለት። ከዚያ ወዲህ በየወሩ አንድ ገጽ የእሱ ሆነ። የትምህርት ቤት ደጃፍ ላልረገጠ ሰው ስሙን በኅትመት ማየት ትንሽ ነገር አይደለም።

አጠገቡ መኪና ዘርግቶ የሚሰፋው ጁነዲን ግን አልማረውም። «ጸሐፌ ቁልፍ፣ ዛሬ ደግሞ ስለ ምን አዘዙ?» ይለዋል በየማለዳው።

የግንቦት እትም በወጣች በሳምንቱ፣ ቶላ የሚባል የናዝሬት ልብስ ሰፊ የተጠቀለለ ኮት ታቅፎ መጣ።

«ጋሼ አስናቀው እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ፣ ግባ።»

«እንዳሉት አደረግሁ። ሙሽራው ግን እጁን ማንሳት አቃተው። ሠርጉ እሑድ ነው።»

ቶላ መጽሔቷን ከኪሱ አውጥቶ በጣቱ እየተከተለ አነበበ፦ «ለወፍራም ሰው ብብቱ ሁለት ጣት ይሰፋል።» «ይሰፋል» የምትለውን ጠበቅ አድርጎ ነው ያነበባት፣ በመርፌ ይያዛል እንደ ማለት። ሁለት ጣት ወደ ውስጥ አስገብቶ ሰፍቶታል፤ ትርፉንም ቆርጦ ጥሎታል። አስናቀው ሲጽፍ በጆሮው ይሰማው የነበረው ግን የላላው ነው፦ ይለቀቅ፣ ሰፊ ይሁን።

ጁነዲን መኪናውን አቁሞ ሳቀ። «ቶላ ምን አጠፋ? አንተንስ ልብስ ሰፊ የሚሉህ ልብስህ ስለሚሰፋህ መስሏቸው ይሆናል። ከሲታ ነህኮ።» ከዚያ ወደ ቶላ ዞረ። «አንተስ ብትሆን፣ ወፍራም ሰው መሆኑን እያየህ እንዴት ታጠብበታለህ?»

«እኔም ገርሞኝ ነበር» አለ ቶላ። «ግን የታተመ ነገር ነው። የአዲስ አበባ ፋሽን ይሆናል አልኩ።»

አስናቀው በሳቁ አልተካፈለም። የገዛ ዓይኑን ትቶ የእሱን ጽሑፍ ያመነ ሰው ፊቱ ቆሟል።

ኮቱን ተቀብሎ ስፌቱን ፈታ። ቶላ ከኮቱ ጋር ጠቅልሎ ካመጣው ከዚያው ጨርቅ ቁራጭ ብብቱ ሥር የምትገባ ማስፊያ ቆርጦ፣ እጅ ካልተነሣ በማትታይበት ቦታ ገጠማት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቶላ ኮቱን ይዞ ወደ አውቶቡሱ ሄደ።

አስናቀው ግን እዚያው ቁጭ ብሎ እርማት ጻፈ፤ ጎጃም በረንዳ አጠገብ ፎቅ ላይ ወዳለው የመጽሔቷ ቢሮ ወጥቶም ለአዘጋጁ ለአቶ አገኘሁ ሰጠ።

አቶ አገኘሁ አነበቡና ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ኮቱ ተስተካክሏል አላሉኝም? አንድ ሰው ነው የተሳሳተው።»

«የመጣው አንድ ነው። ያልመጣውን አላውቅም።»

«አቶ አስናቀው፣ እውነቱን ልንገርዎት። ኮሚቴው ገጹን የተማረ ሰው ይጻፈው ማለት ከጀመረ ቆይቷል። ያዘገየሁት እኔ ነኝ። ይህ ከወጣ ግን የምመልስላቸው የለኝም።»

አስናቀው ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ሁለት ጊዜ አዞረ። ያቺ አንዲት ገጽ ከአምላኩ የተሰጠችው ይመስለው ነበር። የተሰጠችው ግን ሰው ኮት እንዲያበላሽባት አይደለም።

«ገጹን ይስጧቸው» አለ። «እርማቱ ግን ይውጣልኝ።»

በሰኔ እትም ወጣ። «ባለፈው ወር ‹ይሰፋል› ያልኩት ላልቶ ይነበብ። ብብቱ ይለቀቅ ማለቴ ነው። ጥፋቱ የጸሐፊው እንጂ የአንባቢው አይደለም። አስናቀው፣ ልብስ ሰፊ።» በሐምሌ ገጿ የሌላ ሰው ስም ይዛ መጣች። አስናቀው እስከ መጨረሻው አነበባት፤ ጥሩ ጽሑፍ ናት አለ። ያን ቀን ጁነዲን አልቀለደበትም።

ነሐሴ ሲገባ አቶ አገኘሁ በዝናብ ራሳቸው ሱቁ ድረስ መጡ። ከጅማ የተላከ ደብዳቤ ይዘዋል፤ ጤናዬ ከምትባል ልብስ ሰፊ። «የሟች ባለቤቴን ካፖርት ለወፍራሙ ወንድሙ ላስተካክል ፈትቼ፣ መቀሱን ልሰድበት ስል እርማቱ ደረሰኝ» ይላል። «እግዜር ይስጥልኝ።»

አስናቀው ደብዳቤውን ሁለቴ አነበበው።

«ገጹን ልመልስልዎት አልችልም» አሉ አቶ አገኘሁ። ከዚያ ከቦርሳቸው ያልታተሙ ወረቀቶች አወጡ። «ይህ የመስከረሙ እትም ነው። ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት እንዲያዩልኝ ፈልጌ ነው። ስምዎ አይወጣም።»

«እዚህ ይተዉልኝ፣ አየዋለሁ» አለ አስናቀው።

አቶ አገኘሁ ሲወጡ ወረቀቱን ወደ ጁነዲን አሻገረው። «እስቲ ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብልኝ።»

«የአንተ ስም የለበትም አይደል? ታዲያ ምን ይጠቅምሃል?»

«ለቶላ ይጠቅመዋል። አንብብ።»

ጁነዲን ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ። ሦስተኛው መስመር ላይ አንዲት ቃል መላላት ሲገባት አጠበቃት።

አስናቀው እርሳሱን አነሣ።