ጅቡ ያልጮኸበት መስቀል

የቅባት ሽታው ነው ትዝታውን ያመጣብኝ። የልጄ ልጅ እየጎተተ አዲስ አበባ ካለ መጫወቻ ቦታ ወሰደኝና፣ በሐዲድ ላይ ሽቅብ ቁልቁል ከሚበር ባቡር ፊት አቆመኝ። «የዋሻው አፍ አምና ዘንዶ ነበር እኮ እማማ፤ ዘንድሮ ጎሪላ አደረጉት። ዋሻው ውስጥም ጭስ ጨምረውበታል» አለኝ፣ ራሱ የሠራው ይመስል እየተኩራራ። ለእኔ ግን የታየኝ ጎሪላው አልነበረም። ወልቂጤ ነበረች የታየችኝ፤ ያውም የጣልያን ጊዜዋ ወልቂጤ።

አትሳቅብኝ፣ እኛም እንዲህ ያለ ባቡር ነበረን። ጣልያን የጅማን መንገድ ሲሠራ ከከተማው በላይ ካለው ኮረብታ ድንጋይ ያስፈልጥ ነበር። ድንጋዩ በቀጭን ሐዲድ ላይ በምትሄድ ትንሽ የብረት ፉርጎ ይጫንና፣ ሠራተኞች ከላይ በገመድ እየያዙ ቀስ እያሉ ቁልቁል ይለቋታል። የእናቴ ወንድም እዚያ አናጢ ነበር። ለመስቀል ሥራ ሲቆም ፉርጎዋን ያጥባታል፣ እግሮቿን ሞራ ይቀባታል፣ ከዚያ የሰፈሩን ልጆች እያሳፈረ ያወርደናል።

መጀመሪያ ፉርጎዋ ጌጥ የሚባል አልነበራትም፤ ከፊቷ አደይ አበባ ታስሮላት ነበር፣ በቃ። በሚቀጥለው መስቀል አጎቴ ከበቅሎ አንገት ቃጭል ፈትቶ ሰቀለባት፤ ስትወርድ ታች ገበያው ድረስ ትሰማ ነበር። ከዚያ ወዲያማ ሰውዬው አበደ። የጅብ ራስ ከእንጨት ጠርቦ ከፊቷ ሰካ። በጥቀርሻ አጠቆረው፣ ለዓይኑ የመስታወት ስባሪ፣ ለጥርሱ የተሳለ ቀርከሃ አደረገለት። ሐዲዱ የሚታጠፍበት ላይ ደግሞ በእንጨትና በእንሰት ቅጠል ዋሻ ሠራ። ቅጠሉ እርጥብ ስለነበር ብርሃኑ አረንጓዴ ሆኖ ይገባል። አጎቴ እዚያ ውስጥ ተደብቆ ውሃ ይረጨናል፣ እንደ ጅብም ይጮኻል። ጅቡ እሱ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፣ ሁላችንም እንንጫጫለን። ፉርጎዋ ታች ደርሳ ስትቆም እሱ በአቋራጭ ሮጦ እያለከለከ እስኪመጣ አንወርድም። ሲደርስ አቅፎ ያወርደኝና «ፈራሽ?» ይለኛል። እየተንቀጠቀጥኩ አልፈራሁም እለዋለሁ። ከአባቴ ቀጥሎ እንደሱ የምወደው ሰው አልነበረኝም።

አባቴ ያኔ ዱር ገብቶ ነበር። አልፎ አልፎ ተደብቆ ብቅ ሲል ጉልበቱ ላይ ያስቀምጠኝና የፉርጎዋን ወሬ ያስወራኛል፤ አንድ ቀን አብሬሽ እወርዳለሁ ይለኛል። ለጉራጌ ሰው መስቀልን ከቤቱ ውጭ መዋል ምን እንደሆነ ለማያውቅ ማስረዳት ይከብዳል። አዲስ አበባ ያለው በእግሩም ቢሆን ይመጣል፣ ዱር ያለውም ይመጣል። ይህን ጣልያን ከየት ያውቃል? አጎቴ ግን የእኛው ሰው ነው፤ ያውቃል።

ጅቡ ከተሰካ በኋላ በመጣው መስቀል አጎቴ ለእናቴ ነጮቹ ሁሉ አዲስ አበባ እንደሄዱ፣ ኮረብታው ላይ የቀረው የራሳችን ሰው ብቻ እንደሆነ፣ አባቴ ሳይሰጋ ቢመጣ ምንም እንደማይደርስበት ነገራት። እናቴ አላመነታችም፤ የአንድ እናት ጡት የጠባ ወንድሟ ነው። መልእክቱን ላከች። አባቴ ማለዳ መጣ፤ ከእጇ ክትፎ ጎረሰ፤ ያን ቀን ቤታችን የሚሸተው ቅቤና ኮረሪማ እስከዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ። ቀትር ላይ አጎቴ መጥቶ፣ «ልጅቷ ስንት መስቀል ሙሉ ጠብቃሃለች፤ ዛሬስ ይዘሃት ውረድ እንጂ» አለው። አባቴ ጋቢውን ተከናንቦ እጄን ያዘኝ።

ኮረብታው ላይ ስንደርስ ነገሩ ሁሉ ተለውጧል። ዋሻው ረዝሟል። እርጥቡ ቅጠል ተነስቶ በደረቅ ቅጠል ተተክቷል፤ በላዩም ጆንያ ተደርቦበት ውስጡ ድቅድቅ ብሏል። እኔ ጅል፣ ዘንድሮ እንዴት ያስፈራል ብዬ ፈነደቅሁ። አባቴ ግን ቃጭሉ የት ሄደ ብሎ ጠየቀ።

«ድምፁ ሰው እንዳይሰበስብብህ ብዬ ፈታሁት» አለው አጎቴ።

አባቴ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ምስጋናው ነበር። ከሁሉም ከሁሉም ያቺ ነገር ታንገበግበኛለች።

ፉርጎዋ ያለ ቃጭል ወረደች። የብረቱ ሲጥሲጥታ ብቻ ይሰማል፤ የአባቴ ክንድ ወገቤን ይዞኛል። ዋሻው ውስጥ ገባን። ውሃውን ጠበቅሁ፣ የለም። ጩኸቱን ጠበቅሁ፣ ጅቡ አልጮኸም። ፉርጎዋ ሐዲዱ ላይ ከተጋደመ ግንድ ጋር ተጋጭታ ቆመች፤ በጨለማው ውስጥ የትንባሆ ሽታና የብዙ ሰው ትንፋሽ ነበር። አባቴ ገባው። ጋቢውን አውልቆ ከራሴ እስከ እግሬ ጠቀለለኝና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«አይዞሽ ልጄ፣ ጅብ አይደለም። ሰው ነው» አለኝ።

ከዚያ ክንዱ ከወገቤ ተነሳ። አንዱ ግንዱን ጎትቶ አነሳው መሰለኝ፣ ፉርጎዋ እንደገና ተንቀሳቀሰች። በጋቢው እንደተጠቀለልኩ ብቻዬን ፀሐይ ላይ ወጣሁ። ታች የቆመው ሰው እንደ ሁልጊዜው እልል አለ። አጎቴም እዚያ ቆሞ ነበር። አላለከለከም፤ ጅብ መሆን የነበረበት ሰው ከእኔ ቀድሞ ታች ደርሶ ነበር። አቅፎ አወረደኝ።

«ፈራሽ?» አለኝ።

አባቴን ከዚያ በኋላ ያየው የለም። በካሚዮን ጭነው ወደ አዲስ አበባ ሲወስዱት አየን ያሉ ነበሩ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬውም ጠፋ። ሳምንት ሳይሞላ አጎቴ የካኪ ኮት ለብሶ የሠራተኞች አለቃ ሆነ። እናቴ እስክትሞት ስሙን አልጠራችም፤ በየመስቀሉ ግን የአባቴን ክትፎ በጣባው አድርጋ ታስቀምጥ ነበር። ማንም አይነካውም።

ጣልያን ሲወጣ ያ ሰው የጅቡን ራስ ነቅሎ የአንበሳ ራስ ሰካ። ፉርጎዋን አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ቀባት፤ ቃጭሉንም መልሶ ሰቀለ። ሰዉም ያንኑ እልልታውን አቀለጠው። እኔን መንገድ ላይ ሲያገኘኝ፣ ጅቡን አንበሳ አደረግሁልሽ፣ ነይና ውረጂ አለኝ። ዓይኑን አየሁትና ወደ ቤቴ ሄድኩ። እሱን የምጠላውን ያህል በሕይወቴ የጠላሁት ሰው የለም፤ ዛሬም ይቅር አላልኩትም።

የልጄ ልጅ ባቡሩ ላይ ወጣ። የጎሪላው አፍ ሲውጠው የአጥሩን አግዳሚ በሁለት እጄ ጨበጥኩ። ጭሱ ወጣ፣ ጩኸቱ መጣ፣ በመጨረሻ ባቡሩ በወዲያ በኩል ብቅ አለ፤ ልጁ ቦታው ላይ ነበር። ወርዶ እየሮጠ መጣና ፊቴን ሲያይ ደነገጠ።

«አይዞሽ እማማ» አለኝ፣ እጄን ይዞ። «ውስጥ ያለው እኮ አውሬ አይደለም። ሰው ነው።»

ነጠላዬን አውልቄ ከራሱ ጀምሬ ጠቀለልኩት። ፀሐይ ነው እኮ፣ አልበረደኝም እያለ ይስቃል።