በሜዳቸው የተሸነፉበት እሁድ

ባለፈው እሁድ ባቡር ውስጥ ጉንጯን ሰማያዊና አረንጓዴ የተቀባች ልጅ አጠገቤ ተቀመጠች። የፊት ቀለም ሽታ ታውቂዋለሽ? ሰም ሰም ይላል፤ የጫማ ቀለምም ያስታውሳል፤ ዝናብ ሲነካው ደግሞ ይብሳል። እናቷ ከላይዋ ቆማ "ዛሬ በሜዳችን ነው፤ አንሸነፍም" ትላታለች በእንግሊዝኛ። መጽሐፍ ይዤ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን አንድ መስመር ላይ ፈዝዤ መውረጃዬን አለፍኩ።

ይህን ቃል በአማርኛ መጀመሪያ የሰማሁት ከአክስቴ ባል አፍ ነው።

ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ እናቴን ሳስታምም ቤት ቀርቼ፣ እሷ ካረፈች በኋላ ዲቪ ደርሶኝ፣ ሲያትል ውስጥ ኦቴሎ በሚባል ሠፈር ከባቡር ጣቢያው ወረድ ብሎ ካለው የአክስቴ ቤት ገባሁ። አክስቴ ከሰዓት በኋላ አረጋውያን ቤት ትሠራለች። ባሏ በዚያው ሰዓት ከኤርፖርት መንገደኛ ያመላልሳል። አምስት ዓመት የሆናትን ልጃቸውን የምጠብቅ እኔ ነኝ። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የማታ ኮሌጅ መግባት። ለዚያ ደግሞ እሱ ፈረቃውን ወደ ጠዋት ማዞር ነበረበት። ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር። በልቤ ግን አንድም ቀን አንቱ ብዬው አላውቅም።

እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሁለት ጓደኞቹ ይመጡ ነበር። አንዱ ኬንት የሚኖር የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ሌላው ሬድመንድ በሚባል ከተማ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ። ነጠላቸውን ሶፋው ጀርባ ላይ ጥለው፣ የቡድኑን ሰማያዊ ማሊያ ለብሰው የአሜሪካኖቹን ፉትቦል ያያሉ። አንድ ቀን ፈንዲሻ ይዤ ስገባ ሌላው ቡድን አገባ። በሳምንቱም ሻይ ይዤ ስገባ አገቡብን። ሹፌሩ ቀና ብሎ አየኝ።

"ይቺ ልጅ በገባች ቁጥር ነው የሚገባብን" አለ።

"ዳታው እንደዚያ ይላል" አለ የሬድመንዱ።

ሁለቱ እየቀለዱ ነበር። የአክስቴ ባል ግን አልሳቀም። ተነስቶ ትሪውን ከእጄ ወሰደ።

"አንቺ፣ ጨዋታው እስኪያልቅ ጋራዥ ሁኚ።"

"ምን አጠፋሁ ጋሼ?"

"አላጠፋሽም። እግርሽ ደረቅ ነው።"

"በዚህ ሁሉ ዝናብ እንዴት ደረቀ?" አለ ሹፌሩ፤ ያኔ ሁሉም ሳቁ።

ጋራዡ ውስጥ የልብስ ማጠቢያውና ማድረቂያው ነበሩ። የሞቀ ጨርቅና የሳሙና ሽታ፣ ከሥሩ ደግሞ የሲሚንቶ እርጥበት። ከዚያ ወዲህ እሁዴ እዚያ ሆነ። ልብስ ሳጣጥፍ ጨዋታውን በግድግዳ እሰማዋለሁ። ከሠፈሩ ቤተ መጻሕፍት የጨዋታውን ሕግ የሚያስረዳ መጽሐፍ ተውሼ ማድረቂያው ላይ ዘርግቼ አነበብኩት። ጠላትን ማወቅ ጥሩ ነው። በሜዳ መጫወት ጥቅሙ ሣሩ እንዳልሆነ የተረዳሁት ከዚያ ነው፤ ጥቅሙ ጩኸት ነው። ኳሱ በእንግዳው ቡድን እጅ ሲሆን ሕዝቡ ይጮሃል፤ እንግዶቹ የመሪያቸውን ድምፅ መስማት ያቅታቸውና ይደነጋገራሉ። ኳሱ ወደ ባለሜዳው ሲመለስ ሕዝቡ ጸጥ ይላል። ያን ገጽ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔም የምኖረው በሰው ሜዳ ነበር፤ አፌን ስከፍት ይጮሁብኝ ነበር።

አንድ እሁድ አክስቴ በዕረፍቱ መሃል ጉዳዬን አነሳችለት። ግድግዳው ቀጭን ነው።

"ልጅቷ ኮሌጅ ልመዝገብ እያለች ነው። አንተ ሺፍትህን ወደ ጠዋት ብታዞር ምናለበት?"

"እሷ? እሷ የገባችበት ኮሌጅ በዓመቱ ይዘጋል።"

ሦስቱም ሳቁ። አክስቴም ሳቀች፤ አጭር ሳቅ፣ ባሏን ላለማስከፋት። ማድረቂያው እየተሽከረከረ ነበር፤ እኔ የእሱን ማሊያ ይዤ ቆሜያለሁ። አልቀደድኩትም። በሥርዓቱ አጣጥፌ፣ እጅጌውን ወደ ውስጥ አስገብቼ አስቀመጥኩት። ቂሜንም እንዲሁ በሥርዓቱ አጣጠፍኩት።

በጥር ቡድኑ ፕሌይኦፍ ገባ። ፕሌይኦፍ የተሸነፈ የሚሰናበትበት ነው። ዓመቱን ሙሉ ከሌሎቹ በልጠው ስለነበር እንግዶቹ ሁሉ ወደ ሲያትል ሊመጡ ሆነ። የአክስቴ ባል ከደስታው ብዛት መቀመጥ አቃተው። "በሜዳችን ነው። በሜዳችን አንሸነፍም" ይላል እየደጋገመ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ "አንቺም ቦታሽን ታውቂያለሽ" አለ።

አወቅኩ። ጋራዥ ገባሁ፤ ልጅቷም ተከትላኝ መጣች። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል በግድግዳው የሚመጣው ድምፅ የቀብር ሆነ። እየተመሩ ነው። ደስ አለኝ። በዚህ መሃል ልጅቷ ቀሚሴን ጎተተች፤ ሽንቷ መጥቷል። መታጠቢያ ቤቱ ከሳሎኑ ወዲያ ነው። ምን ላድርግ? በአንድ ክንዴ እሷን፣ በሌላው የልብስ ቅርጫቱን ይዤ በሩን በጉልበቴ ገፋሁት።

በዚያች ቅጽበት የእኛዎቹ አገቡ።

ሳሎኑ ሲናወጥ በሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ። መጀመሪያ ያየኝ ሹፌሩ ነው። ጣቱን ቀሰረብኝ።

"እሷ ናት ያስገባችው። እግሯ እርጥብ ነው እኮ፤ እስከዛሬ ጋራዥ አድርቀን አስቀምጠናት ነው።"

የአክስቴ ባል ሮጦ መጥቶ ግንባሬን ሳመኝ። "ሰዓቱ እስኪያልቅ እንዳትነቃነቂ" አለኝ።

"ልጅቷ ሽንቷ መጥቷል ጋሼ።"

"ትያዘው።"

አሸነፉ። ሳምንቱን ሙሉ ገዳችን እያለ ሲጠራኝ ሰነበተ። የሚቀጥለው ጨዋታም በሜዳችን ነው፤ ያንን ያሸነፈ ወደ ዋናው ዋንጫ ያልፋል። እኔ ያው በር ላይ፣ ያው ቅርጫት በክንዴ፣ ያው ቀሚስ እንደለበስኩ መቆም እንዳለብኝ ተወሰነ። ቀሚሱ እንዳይታጠብም ተነገረኝ።

ሐሙስ ዕለት ደፍሬ ጠየቅኩት። "ጋሼ፣ የፈረቃውን ነገር አሰቡበት?"

"ከጨዋታው በኋላ። አሁን ሌላ ሐሳብ እንዳታስገቢብኝ።"

አክስቴ ወጥ ቤት ጎትታ አስገባችኝ። "ቁሚለት፣ ምን ቸገረሽ? ካሸነፉ እሺ ይልሻል።"

አሰብኩበት። ካሸነፉ "ከዋናው ጨዋታ በኋላ" ይለኛል። ቢፈቅድልኝ እንኳ የምማረው እንደ ክታብ በር ላይ ተንጠልጥዬ በከፈልኩት ዋጋ ነው። ገደ ቢስ ስባልም ገዳችን ስባልም ማንም እኔን አላየኝም፤ የታየው እግሬ ነው።

እሁድ ሊጀመር ትንሽ ሲቀረው ያን ቀሚስ አወለቅኩ። ንጹሕ ሱሪና ካፖርት ለበስኩና በፊት ለፊቱ በር ወጣሁ። የአክስቴ ባል በካልሲው ተከትሎኝ ወጣ፤ ዝናቡ ያካፋል።

"የት ነው?"

"ኮሌጁን ላየው።"

"ዛሬ እኮ እሁድ ነው፤ ዝግ ነው።"

"በሩን አየዋለሁ። ከመዘጋቱ በፊት።"

ነገሩ ገባው። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት፤ ለዚያች ፊት ስንት እሁድ ጠብቄ ነበር።

"ቀልድ ነበር እኮ። በእናትሽ ግቢ። ከጨዋታው በኋላ ራሴ በመኪና እወስድሻለሁ።"

"እግሬ ደረቅ ነው ጋሼ" አልኩት። "ጨዋታዎን እንዳላበላሽብዎ።"

ካልሲው ውሃ እየጠጣ እዚያው ቆሞ ቀረ። አልዞርኩም፤ እንደቆመ ግን አውቄዋለሁ፤ በሩ ሲዘጋ አልሰማሁም።

ኮሌጁን አላየሁም። ባቡሩ ሰማያዊ ለብሰው ፊታቸውን በተቀቡ ሰዎች ታጭቆ ነበር፤ ስታዲየሙ ጋ ሲወርዱ አብሬያቸው ወረድኩ። እነሱ ገቡ፤ እኔ በአጥሩ ሥር ቀረሁ። መሬቱ ከጫማዬ ሥር ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ፣ ምናልባት ከከተማው ሁሉ፣ እንዲሸነፉ የምጸልይ እኔ ብቻ ነበርኩ። አዎ፣ ጸለይኩ። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ አጥብቄ የጸለይኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ማየት አላስፈለገኝም፤ ጋራዡ አስተምሮኛል። ሲጮሁ ኳሱ በእንግዶቹ እጅ ነው፤ ጸጥ ሲሉ በእኛዎቹ። መሸትሸት ሲል፣ መብራቶቹ በካፊያው ውስጥ ወተት ሲመስሉ፣ የመጨረሻው ጸጥታ መጣ። የእኛዎቹ የመጨረሻ ዕድላቸውን ይዘዋል ማለት ነው። ጠበቅኩ። ጸጥታው በእልልታ መሰበር ነበረበት። አልተሰበረም። ከዚያ የእግር ኮቴ ብቻ ተሰማ፤ ብዙ፣ በጣም ብዙ፣ ደረጃ የሚወርድ ኮቴ። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሲወጣ እኔ ቀና ብዬ ሄድኩ። በባቡሩ ውስጥ ቀለሙ በእንባ የወረደበት ሰው ፊት ለፊቴ ቆሞ ነበር። ፈገግታዬን በሻርፔ ሸፈንኩ።

ቤት ስደርስ ጓደኞቹ ሄደዋል፤ ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል። አክስቴ "ደስ አለሽ?" አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ካፖርቴን አውልቄ ሰቀልኩ። እሱ ሶፋው ላይ ልጅቷን አቅፎ ተቀምጦ ነበር።

"ነገ ሺፍቴን አስቀይራለሁ" አለ ሳያየኝ።

"ለምን ጋሼ?" አልኩ። እያወቅኩ ነው፤ ከአፉ እንዲወጣ ፈልጌ ነው።

"የአንቺ ቂም ይደርሳል።"

በዚያች ሌሊት እንቅልፍ እንዴት ያለ እንቅልፍ ነበር። አሁንም የሚጸጽተኝ ነገር የለም። ሰዎች ይቅርታ ልብን ያቀላል ይላሉ፤ እኔን ያቀለለኝ የዚያ ሰው ፍርሃት ነው። ልክ ያልሆነውን ልክ ነው ብዬ አልጽፍም።

ቃሉን ጠበቀ። በጨለማ እየተነሳ የጠዋቱን መንገደኛ ማመላለስ ጀመረ። እኔም የመንገዱ ዛፎች ባበቡበት ሰሞን ኮሌጅ ገባሁ። የመጀመሪያው ማታ ከክፍል ስወጣ ዝናብ ይዘንባል። መኪናው በመኪና ማቆሚያው ዳር፣ ሞተሩ ጠፍቶ ቆሞ አየሁት። ና አላልኩትም ነበር። ጠጋ አልኩ። መሪው ላይ ደፋ ብሎ ተኝቷል፤ ትንፋሹ መስታወቱን ጉም አልብሶታል። ልጅቷም ከኋላ ወንበር አንገቷን ጥላ ተኝታለች። ለእሷ ስል ጣቴን ወደ መስታወቱ አነሳሁ። ከዚያ መለስኩት። ሳልቀሰቅሳቸው አልፌ ወደ ባቡሩ ሄድኩ።

እራቴን በልቼ መጽሐፌን ስገልጥ የመኪናው መብራት በመስኮቱ ላይ አለፈ። ልጅቷን ተሸክሞ ገባ፤ አስተኛት፤ የራሰ ጃኬቱን ሰቀለ። ከኪሱ በወረቀት የተጠቀለለ ሳምቡሳ አውጥቶ መጽሐፌ አጠገብ አስቀመጠ። ቀዝቅዟል፤ ዘይቱ ወረቀቱን አውዝቶታል።

"በልቻለሁ ጋሼ" አልኩት።

"እሺ" አለ።

ስልኩን አውጥቶ የጠዋቱን አላርም ሞላ፤ መብራቱን ለእኔ ትቶልኝ ሊተኛ ገባ።