እህቴ አስቴር ዳቦ ቤት የገባችበት ዓመት

የትኩስ ዳቦ ሽታ መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር እግሬ ቀጥ ይልና፣ ታላቅ እህቴ አስቴር ቦንጋ ውስጥ ሥራ የያዘችበት ዓመት ፊቴ ድቅን ይላል። አስቴር መስማት የተሳናት ናት። እናታችን፣ እሷና እኔ በእጃችን የምናወራው የራሳችን ቋንቋ ነበረን፤ ዳቦ ስንል ጉንጫችንን በጡጫ እንነካለን፣ ድመት ስንል ደግሞ ጉንጫችንን በጣቶቻችን እንጭራለን፣ ስንሳሳትም ሆዳችንን ይዘን እንስቅ ነበር። ከሺሺንዳ ቡና እየገዛ የሚያመጣው አባታችን ግን «በእጅ ማውራት አይሆንልኝም» ብሎ ሳይማር ቀረ። ይወዳት ነበር፤ ከቤት እንዳትወጣ የሚፈልገውም ሰው እንዳይስቅባት ፈርቶ ነበር።

በዚያ ክረምት፣ ዝናቡ አላባራ ብሎ ሳለ፣ አስቴር የሠራተኛ ማስታወቂያ አንብባ ኖሮ እጄን ይዛ ጋሽ ከድር ዳቦ ቤት ወሰደችኝ።

ጋሽ ከድር እኔን እያዩ «ልጄ፣ ደንበኛ ሲጠራት በምን ትሰማለች?» አሉ። በእጄ ነገርኳት። የመለሰችውንም ጮክ ብዬ ተረጎምኩላቸው፦ «ደንበኛ የሚቆመው ፊት ለፊቴ ነው፤ ዓይን አለኝ። ደግሞ ስለ እኔ እኔን ይጠይቁኝ እንጂ እሷን አይጠይቋት።»

ጋሽ ከድር ሳቃቸው አመለጣቸው። «እስቲ እስከ መስከረም ልያት» አሉ።

አባባ ሲሰማ ሳምንቱን ሙሉ አኮረፈ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት በእርግጥም ከባድ ነበሩ፤ አንዲት ሴትዮ «ሌላ ሰው የለም?» ብላ ሳትገዛ ስትወጣ አይቻለሁ። አስቴር ቀጣዩን ደንበኛ በፈገግታ ተቀብላ፣ ቤት ስትገባ ግን አለቀሰች፤ በማግስቱም ከሁላችን ቀድማ ተነሣች።

ጥቅምት ገብቶ የቡና ለቀማ ሲጀመር፣ ከማንኪራ የሚመጡት ገበሬዎች ሳይቀሩ ከአስቴር ተምረው ጉንጫቸውን በጡጫ እየነኩ፣ ቁጥሩን በጣታቸው እያሳዩ ይገዙ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሰልፉ መሃል አባባን አየሁት። ላብ ላብ እያለው ቆይቶ፣ ተራው ሲደርስ ሦስት ጣት አሳየና ጉንጩን ጫረ። አስቴር ለአፍታ ፈዛ ቀረች፣ ከዚያ ጠረጴዛውን ተደግፋ በሳቅ ፈረሰች።

«አባባ፣ ሦስት ድመት እኮ ነው የጠየቅከው!» አልኩት። እሱም እንባው እስኪመጣ ሳቀ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮም እጁን ማፍታታት ጀመረ።

ዛሬ ዳቦ ቤቱን የምታስተዳድረው አስቴር ናት። በቀደም ልጠይቃት ስሄድ አንድ አባት መስማት የተሳናት ልጁን ለሥራ ይዞ መጣ፤ እኔን ሲያይም ስለ ልጅቷ ለእኔ ማስረዳት ጀመረ። አስቴር በእጇ አስቆመችውና ወደ ልጅቷ ዞራ ኋላ በተማረችው የምልክት ቋንቋ ልጅቷን ራሷን ጠየቀቻት። ያኔ እህቴ እሷ ራሷ እንድትጠየቅ እንኳ መሟገት ነበረባት። የልጅቷ መልስ ረጅም ነበር፤ እኔም መሃል አልገባሁም።