ከስልኩ ጋር የመጡት

አባቴ ሲሞት የዘራችንን ቆጠራ ይዞት ሄደ። ከእሱ ወገን የሚያውቅ የቀረን ሁምቦ ያለችው ታላቅ እህቱ ብቻ ናት፤ እሷንም ባለፈው በጋ ሳል ያዛት። ሶዶ አዲስ ስልክ ገዛሁና ድምፅዋን ልቀዳ ወረድኩ። ፊደል የለየሁት በልጆቼ ደብተር ነው፤ እንደ አፍ ፈጥኜ መጻፍ አልችልም።

ደጇ ላይ ከጥላው ሥር ተቀመጥን። ስልኩን ጉልበቷ ላይ አኖርኩላት። ከእኔ ጀምራ ወደ ላይ መውጣት ያዘች፤ አባቴ፣ አባቱ፣ የአባቱ አባት። አራተኛው ላይ ስትደርስ ከስልኩ ውስጥ ከበሮ ተመታና አንድ ሰው በአማርኛ ተወራረዱ፣ አሸንፉ እያለ ይጮህ ጀመር።

አክስቴ አማርኛ እምብዛም አትሰማም። እኛ ዘንድ ደግሞ እንግዳ ሲመጣ ቀድሞ የሚጠየቀው ጎሳው ነው። ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ በወላይትኛ፣ "አንተ የየትኛው ጎሳ ልጅ ነህ?" አለችው።

ማስታወቂያ ነው ብዬ ላጠፋው ጣቴን ስዘረጋ እጄን መታ አደረገችኝ። የሚናገር ሰው አይቋረጥም፣ ይጨርስ አለች። ጠበቅን። እሱ ሲጨርስ አንዲት ሴት ስለ ጫማ ቀጠለች።

"እህትም አለችው?" አለች አክስቴ።

ሳቄን ስታገል ስልኩ ቦታ ሞልቷል ብሎ መቅዳቱን አቆመ። አክስቴም ደክሟት ነበርና ሌላ ቀን ነይ አለችኝ። በሷ ዕድሜ ሌላ ቀን ማለት አስፈራኝ። መንገድ ላይ የተቀዳውን ብከፍተው ከሦስተኛው አባት በኋላ ያለው ከበሮ ብቻ ነው።

በማግስቱ ስልኩን ወደ ሸጠልኝ ሰው ሄድኩ። ስልኩን የሞሉት ጨዋታው፣ ገበያው፣ ዜናው፣ አንዱንም አልጠየቅኩትም፤ አውጣልኝ አልኩት። ከስልኩ ጋር የመጡ ናቸው እናቴ፣ አይወጡም አለኝ።

"ቤት ገዝተህ ስትገባ ሳሎኑ ውስጥ አሥር ሰው ተቀምጦ ብታገኝ፣ ከቤቱ ጋር የመጡ ናቸው ትላለህ?"

ሳቀ እንጂ አልረዳኝም። እንግዲያው እኔው አስወጣቸዋለሁ ብዬ ተነሣሁ። ሦስት ቀን የስልኩን ቅንብር ቃል በቃል እያነበብኩ ገባሁበት። አንዳንዶቹ ሲነኳቸው "አራግፍ" የሚል ይወጣል፤ አራገፍኳቸው። ግትሮቹ "አሰናክል" ብቻ ነው ያላቸው፤ አሰናከልኳቸው። አንዴ የመጻፊያውን ገበታ ራሱን አሰናክዬ ግማሽ ቀን ዲዳ ሆኜ ዋልኩ። ግን አልተውኩም። የነካሁትን ሁሉ ደብተር ላይ እየጻፍኩ፣ በስህተት ያጠፋሁትንም እየመለስኩ ጨረስኩ።

ስመለስ አክስቴ ከስታ ጠበቀችኝ። ዳታውን ዘግቼ መቅጃውን ከፈትኩና ከአራተኛው እንድትቀጥል ለመንኳት። ዘር ከመሃል አይጀመርም አለች። ከእኔ ጀመረች፤ እየሳለች፣ እያረፈች ዘጠነኛው አባት ድረስ ወጣች። ስልኩ ትንፍሽ አላለም። አበቃች ብዬ ልዘጋው ስል ወደ ታች መውረድ ጀመረች፤ አሁን የአባቶቹን ሚስቶች ነው፣ እያንዳንዷ ከየትኛው ጎሳ እንደመጣች። አባቴ እነሱን ቆጥሮልኝ አያውቅም። ለካ ዘጠኝ እናት ነበሩኝ።

ሁሉም መቀዳቱን አይቼ ላሰማሽ ወይ አልኳት።

"የማውቀውን ምን እሰማለሁ? አንቺ ቁጠሪና ልስማሽ።"

ስልኩን አስቀምጬ ከራሴ ጀመርኩ። አምስተኛው ላይ ተሳሳትኩ፤ አስቆመችኝና እንደገና ከራሴ አስጀመረችኝ።