ቀዩ መስመር ከዓምዶቹ ጀርባ

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። የደርግ ጊዜ መሆኑን አውቃለሁ፤ ከዚያ በላይ ብጠየቅ እንጃ። የታወሰኝም ሰሞኑን ልጄ ኮምፒውተር ላይ ትእዛዝ እየጻፈች የግራፍ ዓምዶች ስታስቆም፣ የማነጻጸሪያው መስመር በዓምዶቹ ላይ ተጋድሞባት ስትበሳጭ አይቼ ነው። «የሰረዝሻቸው ይመስላል» አልኋት።

ያኔ ባሕር ዳር፣ በአንድ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ውስጥ ጆንያ ተሸካሚ ነበርሁ። ትምህርቴ ከፊደል ብዙም አላለፈም፤ እጄ ግን አይንቀጠቀጥም ነበር። ወገቤ ሲጎዳ ሊቀ መንበሩ አዝነውልኝ ሰሌዳ ጻፍ አሉኝ።

አንድ ሰሞን እንግዶች ሊመጡ ነው ተባለና፣ የየጀልባውን ምርት በሰማያዊ ዓምድ፣ ዕቅዱን በቀይ መስመር እንድሥል ታዘዝሁ። ዓምዶቹን ቀባሁ። ሲደርቁ ቀዩን ከዳር እስከ ዳር አሰመርሁባቸው። ደስ ብሎኝ ሰሌዳውን አጥሩ ሥር አቆምሁት።

ጠዋት ዓሣ አራግፈው የመጡት አስጋሪዎች ፊቱ ተኮለኮሉ። በማኅበራችን መዝገብ አንድ አባል ሲባረር ስሙ በቀይ ይሰመርበት ነበር። ከዕቅድ በላይ ያሰገሩት የአንድ ሽማግሌ ጀልባ ዓምድ አንገቱ ላይ በቀይ ተቆርጧል። የሰነፎቹ ግን አጭር ስለሆነ መስመሩ አልነካውም።

«እኔን ማን አስወጣኝ?» አሉ ሽማግሌው።

«አይ አባቴ፣ ዕቅድ ነው።»

«ዕቅዱ እኔን መሰረዝ ነው?»

ከሰነፎቹ ጀልባ አንዱ፣ «እኛንስ አልነካኸንም፤ እግዜር ይስጥህ» ብሎ ሣቀብኝ።

ሊቀ መንበሩ መጥተው አዩት። «እስከ ቅዳሜ ካላስተካከልህ ወደ ጆንያህ ትመለሳለህ» አሉኝ። ወገቤን ዳሰስሁት።

ቤት ስገባ በሐይቁ ላይ ካለ የደሴት ገዳም የመጡት የባለቤቴ አጎት ደጃፍ ላይ ብራና ይፍቃሉ። የሆነውን ነገርኋቸው።

«መስመሩን መቼ አሰመርኸው?»

«መጨረሻ ላይ።»

«ኧረ ተው ልጄ! ፊደል ተጽፎ ይሰመራል? እኛ ብራናውን በወስፌ ወግተን፣ አስምረን ነው እንጂ ብዕር የምናነሣ። መስመር ታች ይተኛል፤ ፊደል በላዩ ይሄዳል።»

ሰሌዳውን መልሼ ነጭ ቀባሁት። ቀዩን አስቀደምሁ። ሐይቁ ዳር ፀሐይ ላይ አስጥቼው ስቁነጠነጥ፣ እሳቸው መቋሚያቸውን ተደግፈው «አትቸኩል፤ ይድረቅ» ይሉኛል። ሲደርቅ ሰማያዊዎቹን በላዩ አቆምሁ። መስመሩ ከረጃጅሞቹ ጀርባ ገብቶ በመካከላቸው ብቻ ብቅ ይላል፤ ከአጭሩ ዓምድ አናት በላይ ግን ባዶውን አቋርጦ ያልፋል።

ሽማግሌው አስጋሪ ዓምዳቸውን ከታች እስከ ላይ በጣታቸው ሄዱበት። «አሁን አለሁ» አሉ። ሊቀ መንበሩም «ስቀለው» ብቻ አሉ። ጆንያ ዳግመኛ አልተሸከምሁም።

ልጄም ይህን ስነግራት መስመሩ አስቀድሞ እንዲሣል አዘዘችና ተስተካከለላት።

«ማን አስተማረህ አባዬ?»

«የእናትሽ አጎት፣ ቁም ጸሐፊው» አልኋት።