እግሬን ቅረጽ

ልብስ ሰፊዋ ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ከሆነች ወዲህ ያንገበገባት ሕመሙ ሳይሆን ባሏ ነው። ቁስሉ ደርቆ፣ ምርኩዟንም ጥላ፣ እግሯ ማነከሱን አልተወም። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ወጣት ሴት ናት፤ «እትዬ፣ እኔ ፊት ሲሄዱ ይጠነቀቃሉ። ቤትዎ እንደ ልብዎ ሲራመዱ በቪዲዮ ይቀረጹና ያምጡልኝ» አለቻት።

ባልየው ቀለም ቀቢ ነው። ግድግዳ ላይ ብሩሽ ሲስብ እጁ ውልፍት አይልም። ታላቅ ልጃቸው የሰጣቸውን ቪዲዮ ካሜራ ሲይዝ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። የልጅ ልጃቸው ልደት ዕለት፣ ሕፃኗ ሻማ ስታጠፋ እሱ ኮርኒሱን ቀርጿል። ይህን እያወቀች ሥራውን ለእሱ መስጠቷ ልክ አልነበረም፤ ምን ታድርግ፣ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው የለ።

መጀመሪያ መስኮቱ ፊት ለፊት አራመዳትና ቀረጻት። ባለሙያዋ ስታየው ከብርሃኑ የተነሣ የምትሄደው ሴትዮ ጥላ መስላለች፤ ከጀርባ «አይዞሽ፣ ጎበዝ፣ ቀስ» የሚል ድምፅ ይሰማል።

«እግሩ የታለ?» አለች ልጅቷ።

በሁለተኛው ጎን ለጎን እየሄደ ቀረጻት። እሷ በረገጠች ቁጥር ቤቱ ይዘላል፣ ቁም ሣጥኑ ይወዛወዛል። ባለሙያዋ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «የሚያነክሰው ማን እንደሆነ መለየት አቃተኝ» አለች። ልብስ ሰፊዋ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

ቤት እንደገቡ ካሜራውን እጁ ላይ አኖረችለት።

«ስማ፣ ሰውዬ። ጀርባህን ለመስኮቱ ስጥ። በርጩማው ላይ ቁጭ በል። ክርንህን ከጎንህ አጣብቅ። አትከተለኝ፣ እኔ ራሴ ፊትህ አልፋለሁ። አፍህንም ዝጋ።»

«ሌላስ፣ እመቤቴ?»

«እግሬን ቅረጽ።»

ተቀመጠ፣ ክርኑን አጣበቀ፣ ጭጭ አለ። ደስ ብሏት ከሳሎኑ ጫፍ እስከ ወጥ ቤቱ በር ሄደች። መልሰው ሲያዩት ምስሉ እውነትም አይነቃነቅም፤ ግን ከወገቧ ይጀምርና ቀስ እያለ እየቀረበ በፊቷ ብቻ ይሞላል።

«ጉልበቴ ግንባሬ ላይ ነው እንዴ ያለው?»

«ያመመሽ መስሎኝ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ስትረግጪ ከንፈርሽን ትነክሻለሽ።»

ንዴቷ ግን አልበረደም፤ ካሜራውን ነጥቃው ልብስ የምትተኩስበት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ከሥሩ ቁርጥራጭ ጨርቅ እያጠፈች ከፍ ዝቅ ስታደርገው ቆየችና፣ ከትከሻዋ እስከ ወለሉ የሚያሳይ ሲሆንላት መራመድ ጀመረች። ባልየው እጁን አጣጥፎ መቆም አልሆንልህ ስላለው መጥቶ ክንዷን ያዘ።

«ልቀቀኝ፣ እየተቀረጽኩ ነው።»

«ብትወድቂስ?»

መጨቃጨቁ ሰለቻትና ክንዷን እንደያዘ መራመዷን ቀጠለች።

ባለሙያዋ ይህኛውን ደጋግማ አየችው። ከዚያ ወደ ባልየው ዞር ብላ፣ «ጋሼ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚይዟቸው?» አለችው።

«ታዲያ ማን ይያዝልኝ?» አለ ደረቱን ነፋ አድርጎ።

«ችግሩ እሱ ነው። ክብደታቸውን እርስዎ ተሸክመውላቸዋል፤ እግራቸው ገና ሥራ አልጀመረም። ይልቀቋቸው።»

ልብስ ሰፊዋ ምስሉን ትኩር ብላ አየችው። እውነት ነው፤ እየተቆጣችም፣ ልቀቀኝ እያለችም፣ ሳይታወቃት እላዩ ላይ ተጋድማለች።

ሲወጡ ደረጃው ላይ እጁ እንደ ልማዱ ወደ ክንዷ ሄደ። በቦርሳዋ መለሰችው።

«አልሰማህም?»

«እኔ ሰምቻለሁ። እጄ ነው ያልሰማው።»

የደረጃውን ብረት ይዛ ወረደች። እሱ እጆቹን ኪሱ ከትቶ ከፊት ከፊቷ እየሄደ፣ በየደረጃው ዞር እያለ ያያታል።

«ፊትህን እያየህ ውረድ» አለችው። «አንተ ደግሞ ተሰብረህ አንተን ስቀርጽ ልከርም ነው?»

ታች ሲደርሱ ጉልበቷ ይጠዘጥዛት ነበር። ቢሆንም ታክሲው ድረስ ማንንም ሳትይዝ ሄደች።